ፉፉ አይታኘክም

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር የጋና ዋና ከተማ አክራ ትሄዳለች። ማስተርሷን ልትማር ነው፤ ሁለት ዓመት ትቆያለች። ቤተሰቡ ሻንጣዋን ለመሙላት እየተሯሯጠ ነው። እናቷ በርበሬ ታስፈጫለች። ጎረቤት ሳይቀር ድርቆሽ አምጥቷል። እኔ ግን ባለፈው እሑድ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለው ቤቴ ጠራኋትና ገንፎ አገንፍቼ ጠበቅኋት።

«አክስቴ፣ ለምሳ ነው?» አለችኝ።

«ለምሳም ነው። መጀመሪያ ግን ምግብ ቤት አገባብ ትማሪበታለሽ» አልኳት።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለሥልጠና ሄጄ አክራ 10 ወር ኖሬያለሁ። ከጅማ ስነሣ ስለ ጋና የማውቀው ኳሳቸውንና ክዋሜ ንክሩማን ነበር። ስለ ምግባቸው የነገረኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ በዳቦና በእንቁላል ኖርኩ። ከሳሁ። ከማደሪያዬ ፊት ለፊት ደግሞ በየቀኑ ሰው የሚሰለፍበት ምግብ ቤት ነበር። እነዚያ ሦስት ሳምንታት ዛሬም ይቆጩኛል። ለእህቴ ልጅ ያሳየኋትን ለእናንተም የምጽፈው ለዚህ ነው።

እንድትገቡበት የምፈልገው ቤት የሆቴል ሬስቶራንት አይደለም። ጋናዎች «ቾፕ ባር» ይሉታል። «ቾፕ» ከእንግሊዝኛ በተቀላቀለው ፒጂናቸው መብላት ማለት ነው። ባር ቢባልም መጠጥ ቤት አይደለም፤ ከእኛ እናት ጓዳ ጋር ይቀራረባል። ቆርቆሮ ክዳን፣ የፕላስቲክ ጠረጴዛና ወንበር፣ በአንድ ጥግ የተደረደሩ ትልልቅ ድስቶች። ከጓሮ የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ከተሰማ ግቡ፤ ፉፉ የሚባለው ገንፎ መሰል ምግባቸው እየተወቀጠ ነው ማለት ነው። ሙቀጫቸው ከእኛ ቡና ሙቀጫ በጣም ይሰፋል። ዘነዘናው ከሰው ቁመት ይበልጣል። አንዱ ቆሞ ይወቅጣል፤ አንዷ ተቀምጣ በእጇ ታገላብጣለች። ዘነዘናው ሲነሣ እጇ ይገባል፣ ሲወርድ ይወጣል። አንድም ጊዜ ሲሳሳቱ አላየሁም።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ፉፉ የምሳ ምግብ ነው። ከረፈደ ከሄዳችሁ «አልቋል» ትባላላችሁ። ጠዋት የሚበላው ዋቼ ነው፤ ሩዝና ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ከደረቀ የማሽላ ቅጠል ጋር አብሮ ይቀቀላል። ቀላ ያለ መልኩ ከዚያ ቅጠል የመጣ ነው። ማታ ማታ ደግሞ «ባንኩ» የሚሉት የተቦካ የበቆሎ ሊጥ ገንፎ በተጠበሰ ዓሣ ይፈለጋል። እሑድ ኦሞ ቱዎ የሚባል የሩዝ ድቡልቡል በኦቾሎኒ ሾርባ ያወጣሉ። እሱ እንዳያመልጣችሁ። የአክራ ሰዓት ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። አቆጣጠራቸውም እንደ ፈረንጅ ነው፤ «12 ሰዓት ኑ» ካሏችሁ እኩለ ቀን ማለታቸው ነው።

ስትገቡ ከምንም በፊት ሰላም በሉ። እዚህ ጅማ ሱቅ ገብቶ ሰላም ሳይሉ ዕቃ መጠየቅ እንደሚያስቀይም ሁሉ እዚያም ያስቀይማል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ልትቀመጡ ትችላላችሁ፤ እሱንም ሰላም በሉት። ባለቤቲቱን «አንቲ» በሏት። እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። እኔ የበላሁበት ቤት ባለቤት ስሟን የነገረችኝ በስድስተኛው ወር ነው። እስከዚያ አንቲ ነበረች፣ ከዚያም በኋላ አንቲ ሆና ቀረች። «ፕሊስ» የሚለውን ቃል አትሰስቱ። እነሱ «አዎ» ለማለት እንኳን «ፕሊስ፣ የስ» ይላሉ። ለምስጋና «ሜዳሴ» በሏቸው። ፊታቸው ሲፈካ ታያላችሁ።

አሁን ቀኝ እጅ። ይህን ለእህቴ ልጅ ሦስት ጊዜ ነግሬያታለሁ። እኛም በቀኝ እንበላለን፣ አዲስ ነገር አይመስልም። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ ግራ እጅ ለመስጠትም፣ ለመቀበልም፣ ለመጠቆምም አይሆንም። እኔ በመጀመሪያው ቀን በቀኝ እጄ ቦርሳዬን ይዤ ብሩን በግራ ዘረጋሁላት። አንቲ አልተቀበለችኝም። አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ እጄን አየችው። ከኋላዬ የተሰለፈ ልጅ ቀስ ብሎ «ሌላኛው እጅ» አለኝ። በጣም አፈርኩ። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ በቀኜ ሰጠኋት፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። እናንተ ቦርሳችሁን በግራ ያዙት። ግራኝ ከሆናችሁም እዚህ ሳላችሁ ተለማመዱ።

አስተዛዘዙ እንዲህ ነው። ሜኑ ላይኖር ይችላል። ድስቶቹ ጋ ሄዳችሁ ታያላችሁ። ፉፉውን በገንዘብ ልክ ታዛላችሁ፤ የዚህን ያህል ሴዲ ስጪኝ ትላላችሁ። ሾርባውን ትመርጣላችሁ። ሥጋው ወይም ዓሣው በቁራጭ ለየብቻ ይታሰባል። ስለዚህ ቁራጩን በቀኝ እጃችሁ እያሳያችሁ ዋጋውን ጠይቁ፣ ስንት ቁራጭ እንደምትፈልጉም ተናገሩ። ዝም ካላችሁ ሳታስቡት አራት ቁራጭ ሊጨመርላችሁ ይችላል፤ ይህ ማታለል አይደለም፣ የሚበላ እንግዳ መስላችኋቸው ነው። ሂሳቡን አንዳንዱ ቤት ቀድሞ ይቀበላል፣ አንዳንዱ በኋላ። በስልክ መክፈያቸውን «ሞሞ» ይሉታል፤ እንደኛ ቴሌብር በየቦታው ይሠራል።

ከሾርባው መጀመሪያ «ላይት ሱፕ» የሚባለውን እዘዙ። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ብዙውን ጊዜ የፍየል ሥጋ ነው። ቀጭን ነው፤ ወጥ ብላችሁ አትጠብቁት፣ መረቅ ነው። ቃሪያቸው ሚጥሚጣ የለመደ ሰው እንኳን ያስልባል። ሁለተኛው የኦቾሎኒ ሾርባ ነው፤ ወፈር ይላል፣ ሆድ ይይዛል። እኔ እሱን ነው የወደድኩት። ሦስተኛው ከፓልም ፍሬ የሚሠራው ነው። ፓልም ሲባል እኛ የምናውቀው ያ የሚረጋው ነጭ ዘይት ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ይሄኛው ያልተጣራ ነው፣ ቀይ ነው፣ የራሱ ሽታ አለው። ባሚያ ያለበትን ወጥ ለሦስተኛው ሳምንት አቆዩት። ዝልግልጉን አፍ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል።

ምግቡ ከመምጣቱ በፊት ውኃና ሳሙና ጠረጴዛችሁ ላይ ይቀርባል፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ቧንቧ አለው። በደንብ ታጠቡ። ከዚያ ፉፉው ጎድጎድ ባለ ሸክላ ይመጣል። «አሳንካ» ይሉታል። ውስጡ ቡጭር ቡጭር ያለ ነው፣ ምክንያቱም ቃሪያና ቲማቲም የሚፈጩበትም እሱ ነው። ፉፉው መሃል ላይ ተቀምጦ ሾርባው ዙሪያውን ሞልቶታል። ልክ ገንፎ መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤ እንደሚፈስበት፣ ግን ተገልብጦ፤ እዚህ ገንፎው ደሴት ነው፣ መረቁ ባሕር።

ገንፎ ያገነፋሁት ለዚህ ነበር። የእህቴን ልጅ ማንኪያዋን ተቀበልኳት። «በሦስት ጣትሽና በአውራ ጣትሽ ከጠርዙ ቁረጪ። ትንሽ ይሁን። አውራ ጣትሽን ጫን አርጊና ጎድጎድ ይበል። አሁን መረቁን ዝቀሽ አፍሽ ውስጥ አድርጊው። አታኝኪ። ዋጪው።»

አኘከች። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ያኝካል። እኔም አኝኬ ነበር፤ ለዚህ ነው አፌ ውስጥ እንደ ማስቲካ የተጎተተብኝና ሦስት ሳምንት የሸሸሁት። ፉፉ ከካሳቫና ከፕላንቴን ይሠራል። ፕላንቴን ጥሬውን የማይበላ፣ ተለቅ ያለ የሙዝ ዘመድ ነው። ሁለቱ ተቀቅለው ሲወቀጡ እንደ ሊጥ ይሳሳባሉ። ለመታኘክ የተሠራ ምግብ አይደለም። ጣዕሙ ያለው ሾርባው ላይ ነው፤ ፉፉው ሾርባውን ተሸክሞ በጉሮሮ ይወርዳል፣ ልስላሴው ነው ደስታው። ናይጄሪያዎች የዚህን ዓይነት ምግብ በአጠቃላይ በእንግሊዝኛ «ስዋሎው» ይሉታል፤ ዋጥ እንደማለት ነው። ስሙ ራሱ መመሪያ ነው። ጉርሻችሁን ካሳነሳችሁ አያንቃችሁም። ሥጋውን ግን አኝኩ፣ አጥንቱንም ጋጡ፤ ማንም አይታዘባችሁም።

አንቲ እኔን ያስተማረችኝ እጄን ይዛ ነው። ሥራዋን ትታ አጠገቤ ተቀመጠችና ከራሷ ሳህን አሳየችኝ። ያን ቀን ግማሹን ጨረስኩ። በሳምንቱ ሳህኑን ባዶ አድርጌ መለስኩላት፣ ለሰው ሁሉ ጠርታ አሳየችው።

ፉፉ የከበዳችሁ እንደሆነ ኬንኬን ሞክሩ። ለእኛ ሰው መግቢያው በር ኬንኬ ነው እላለሁ። የበቆሎ ሊጥ ነው፤ ተቦክቶ፣ ኮምጥጦ፣ በበቆሎ ልባስ ተጠቅልሎ ይቀቀላል። ኮምጣጣነቱ በእንጀራ ላደገ አፍ ወዲያው ይገባል። አንድ ጠዋት አሠራሩን ቆሜ አየሁ። ከተቦካው ሊጥ ከፊሉን ቀንሰው አበሰሉና መልሰው ከጥሬው ጋር ደባለቁት። የበሰለውን «አፍላታ» ይሉታል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አብሲት ነው! ተቀንሶ በስሎ ሊጡ ላይ የሚመለስ፣ እናቴ በየሳምንቱ የምትጥለው አብሲት። በዚያ ቀን ለእናቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ። «ታዲያ ሌላ ምን ሊያደርጉት ኖሯል?» አለችኝ።

ከኬንኬ ጋር የተጠበሰ ዓሣና ሁለት ዓይነት ቃሪያ ይመጣል። አንዱ ትኩስ የተፈጨ ነው፤ እዚህ ቆጭቆጫ የለመደ ይወደዋል። ሌላው «ሺቶ» ነው፣ ጥቁር፣ ዘይት የበዛበት፣ የደረቀ ዓሣና ሽሪምፕ የተፈጨበት። ሺቶ ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። ስመለስ ሁለት ጠርሙስ ይዤ ነበር የመጣሁት።

አሁን ስለ ጾምና ስለ ሐላል ግልጽ ልናገር፤ ይህን ቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም። «ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም። አትክልት ብቻ የሚመስል ወጥ ውስጥ የደረቀ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ተፈጭቶ ሊገባ ይችላል፣ እንደ ቅመም ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ሥጋም፣ ዓሣም፣ ሽሪምፕም፣ እንቁላልም ብላችሁ አንድ በአንድ ጥሩ። በጾም እኔን ያኖረኝ «ሬድ ሬድ» ነው። ነጭ አደንጓሬ የሚመስል ጥራጥሬ በቀይ ዘይት ተሠርቶ ከተጠበሰ ፕላንቴን ጋር ይቀርባል። እሱ ውስጥም ዓሣ የሚጨምሩ ቤቶች ስላሉ ጠይቁ። ሙስሊም ለሆናችሁ ደግሞ «ዞንጎ» የሚባሉትን ሰፈሮች ፈልጉ። ከሰሜን የመጡ ሙስሊሞች የሚበዙባቸው ናቸው፤ አክራ ውስጥ ኒማ ይታወቃል። ዋቼ ራሱ ስሙ የሐውሳ ነው። «ዶሜዶ» ከተባለ የአሳማ ሥጋ ነው፣ እለፉት። «አክራንቴ» ወይም «ግራስከተር» ከተባለ ደግሞ በረጃጅም ሣር ውስጥ የሚኖር ትልቅ የአይጥ ወገን አውሬ ነው። እነሱ እንደ ክብር ምግብ ነው የሚያዩት። አልበላም ማለት መብታችሁ ነው፤ ፊታችሁን ሳታኮማትሩ «ፕሊስ፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም» በሉ። ሃይማኖት ስትጠሩ ወዲያው ያከብራሉ።

ውኃ በ500 ሚሊ ሊትር ላስቲክ ተሽጎ ይሸጣል። ጥጉን በጥርስ በጠስ አድርጋችሁ ትጠጣላችሁ። «ሶቦሎ» ካገኛችሁ ጠጡ፤ የእኛ ከርከዴ ነው፣ ዝንጅብል ገብቶበት።

ከሁሉም በላይ የምወደውን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ብቻዬን ተቀምጬ ስበላ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ምግቡ መጣለት። እጁን ከማስገባቱ በፊት ቀና ብሎ አየኝና በእንግሊዝኛ «ተጋብዘሻል» አለኝ። ግራ ገባኝ። የራሴ ምግብ ፊቴ አለ፣ ደግሞ አያውቀኝም። አጠገቤ ያለችው ልጅ «አመሰግናለሁ ብቻ በይ» አለችኝ። ቀስ እያለ ገባኝ። እንብላ ነው ያለኝ። ጅማ አውቶቡስ ተራ ዳቦ ገምሶ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው «እንብላ» የሚለው ሰውዬ ነው ፊቴ የተቀመጠው። አገር ከወጣሁ ያን ቃል የሰማሁት የመጀመሪያ ቀን ነበር። እንባ መጣብኝ፤ ሰውየው ቃሪያው ያቃጠለኝ መስሎት ውኃ አቀበለኝ።

ስለዚህ ምግባችሁ ሲቀርብ አብሯችሁ ለተቀመጠው ሰው «ዩ አር ኢንቫይትድ» በሉ። ሲሏችሁም አመስግኑ። ጓደኞች ከአንድ ሳህን አብረው ሲበሉ ታያላችሁ፣ ሲጠሯችሁ ግቡ። ጉርሻ ግን አትስጡ። እኔ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ላጎርሳት እጄን ስዘረጋ ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸች። በኋላ ትርጉሙን ስነግራት ራሷ ጠየቀችኝና አጎረስኳት፤ ግን መጀመሪያ ማስረዳት ይሻላል።

ጋና ሳይሆን ሌላ አገር የምትሄዱ ካላችሁ፣ በናይጄሪያዋ ሌጎስ እንዲህ ዓይነቱ ቤት «ቡካ» ወይም «ማማ ፑት» ይባላል። እዚያ የተወቀጠ ቦዬ በ«ኤጉሲ» ብሉ፤ ኤጉሲ የሐብሐብ መሰል ፍሬ ዘር ተፈጭቶ የሚሠራ ነው፣ ለሱፍና ለተልባ ሰው እንግዳ አይሆንም። በኮትዲቯሯ አቢጃን እንዲህ ዓይነቱን ቤት «ማኪ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከካሳቫ የሚሠራውን «አቼኬ» በዓሣ እዘዙ። በቲማቲም የሚበስለው የጆሎፍ ሩዝ የየትኛው አገር ይበልጣል የሚለው ክርክር ውስጥ አትግቡ። ስሙ የመጣው ከሴኔጋል የጆሎፍ ግዛት ነው፤ የሴኔጋሉ የሩዝና የዓሣ ምግብ «ቼቡጄን»ም በ2021 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። እናንተ ጋና ውስጥ ስትጋበዙ የጋናውን አመስግኑ።

ከመሄዳችሁ በፊት ቤት መለማመድ የፈለጋችሁ፣ ጅማ ይህን ለማድረግ ምቹ ናት። ጎደሬ ግዙ። እነሱም ከጎደሬ የሚሠሩት ፉፉ አላቸው። በደንብ ቀቅሉት፤ ጥሬነት ከቀረው ጉሮሮ ይበላል። ትኩሱን በሙቀጫ እየወቀጣችሁ እጃችሁን ውኃ እያስነካችሁ አገላብጡት። የቡናውን ሙቀጫ አትንኩ፣ ሽታው አይለቅም። ለሾርባው ኦቾሎኒ ቆልታችሁ ቅቤ እስኪመስል ፍጩ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ከዶሮ ጋር አፍሉ። ኦቾሎኒውን በመረቁ በጥብጣችሁ ጨምሩና ዘይቱ ላዩ ላይ እስኪወጣ በቀስታ ይንተክተክ። ከዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ያለ ማንኪያ።

የእህቴ ልጅ በሦስተኛው ጉርሻ ሳታኝክ ዋጠች። በአምስተኛው መረቁን ሳታንጠባጥብ አነሣችው። ከዚያ በኋላ ገንፎውን ጨረሰችው።

ከቤቴ ስትወጣ ሁለት ነገር ሰጠኋት። አንደኛው ኮረሪማ ነው። ጋናዎች የሚጠቀሙበት፣ ፍሬዋ ደቃቅ የሆነች የሚያቃጥል ቅመም አለች፤ የኮረሪማ የቅርብ ዘመድ ናት። ለአንቲ ኮረሪማ ሰጥቻት ስታሸተው «ይሄ የእኛ ነው፣ ግን አይደለም» ብላኝ ነበር። ሁለተኛው ግማሽ ኪሎ የጅማ ቡና ነው፣ ተቆልቶ የተወቀጠ። ጋና የካካዎ አገር ናት፤ ቾፕ ባር ውስጥ ከምሳ በኋላ የተፈላ ቡና አትጠብቁ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀበናዬን ይዤ ወደ አንቲ እሄድ ነበር። ምድጃዋ ጥግ ላይ ታፈላልኛለች፣ እኔ እቀዳለሁ። እሷ ወተትና አራት ማንኪያ ስኳር ታደርግበታለች። ከመጠጣቷ በፊት ሁልጊዜ ሲኒውን ወደኔ ከፍ አድርጋ «ተጋብዘሻል» ትለኝ ነበር።